ከፊልተሩ ጀርባ የተደበቀው ዓሣ

የደረሰን ደብዳቤ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፦ ለ9 ዓመት ልጄ የልደት ስጦታ ብዬ 25 ሊትር የምትይዝ ትንሽ አኳሪየም ገዛሁ። በዚያው ቀን 4 ኒዮን ቴትራና 2 ዜብራ ዳኒዮ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አብሬ ይዤ መጣሁ። ውሃ ሞላን፣ ፊልተሩን ሰካን፣ ዓሦቹን ጨመርን። በ6ኛው ቀን አንዱ ኒዮን ሞቶ ተንሳፎ አገኘነው። በ9ኛው ቀን ሁለተኛው ሞተ። ሄጄ ለሸጠልኝ ሰው ስነግረው ‹ውሃው ቆሽሾ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቀይሪው፣ ጠጠሩንም ፊልተሩንም በደንብ አድርገሽ እጠቢ› አለኝ። እንዳለኝ አደረኩ። ውሃው እንደ መስታወት ጠራ፤ በማግስቱ ግን ሦስተኛው ሞተ። የቀረው አንድ ኒዮን ከፊልተሩ ጀርባ ተደብቆ አይወጣም። ከዜብራዎቹ ትልቁ ደግሞ ትንሹን ሲያሳድድ ይውላል። ትናንት ሌሊት ተነስቼ መብራት ሳበራ ኒዮኑ ያ ሰማያዊ መስመሩ ጠፍቶ፣ ገርጥቶ አየሁት፤ እሱም ሊሞትብን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ልጄ ‹እማዬ፣ ምግብ አብዝቼ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?› እያለች ታለቅሳለች። ሌላ ገዝቼ ልተካላት? ወይስ ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም ብዬ ልተወው? — ግራ የገባት እናት»

መልስ

ውድ እህታችን፣

ከእርስዎ በፊት ለልጅዎ ልመልስ፤ የእሷ ጥያቄ ይከብዳል። አይ የኔ ልጅ፣ አንቺ አልገደልሻቸውም። ምግብ አብዝተሽ ይሆናል፤ አዲስ ዓሣ ቤቱ የገባለት ሰው ሁሉ ያበዛል፣ ጸጉራችን የሸበተውም ጭምር። ዓሦቹን የጎዳቸው ነገር ግን የጀመረው አንቺ የመጀመሪያዋን ቁንጥር ከመስጠትሽ በፊት ነው። ውሃውና ዓሣው በአንድ ቀን ቤት ገቡ፤ ችግሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። የሸጠልዎት ሰው ክፉ ያሰበ አይመስለኝም፤ ሲባል የሰማውን ነው የነገረዎት። ምክሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ የሚያስገባ ነው። ለምን እንደሆነ ካልገባዎት ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ይመክርዎትና ያንኑ ይደግሙታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

ዓሣ የሚጸዳዳው በሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚያወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ይባላል፤ አብዛኛው የሚወጣውም በሽንት ሳይሆን በስንጥቡ፣ ማለትም ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በሚከፈትና በሚዘጋው መተንፈሻው በኩል ነው። የተረፈ ምግብና የሞተ ቅጠል ሲበሰብስም አሞኒያው ይጨምራል። ወንዝ ውስጥ ይህ ነገር አይታወቅም፤ ውሃው ብዙ ነው፣ ጠርጎት ይሄዳል። 25 ሊትር ውስጥ ግን የትም አይሄድም። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ የዓሣን ስንጥብ ለማቃጠል የሚበቃው መጠን ደግሞ ለሰው አፍንጫ አይሸትም። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ መርዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን መርዝ የሚበሉልን ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ቢሆን መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ ቀይ የነበረው ደም ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት በጣም ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ ዕፅዋት ይወስዱታል፣ የቀረውን በየሳምንቱ በምንቀይረው ውሃ እናወጣዋለን። እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ የሚውሉ እንዳይመስልዎት። ተጣብቀው ነው የሚኖሩት፤ በፊልተሩ ስፖንጅ፣ በጠጠሩ፣ በመስታወቱ፣ በቅጠሉ ላይ። ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ በተሞላ አኳሪየም ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በቂ ሆነው እስኪባዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

«በ6ኛው ቀን፣ በ9ኛው ቀን» የሚለውን ሳነብ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ነገሩ የገባኝ ለዚህ ነው። አሞኒያው ሽቅብ የሚወጣው ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያ ጽዳቱ መጣ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። ስፖንጁን በእሱ ሲያጥቡት ገና ማቆጥቆጥ የጀመሩትን ጥቂት ባክቴሪያዎች ጠርገው አወጧቸው። ሙሉውን ውሃ ሲቀይሩ ዓሦቹ ክሎሪኑን በስንጥባቸው ተቀበሉት፤ ሙቀቱም ፒኤች የሚባለው የውሃው የአሲድነት ልክም በአንድ አፍታ ተለወጠባቸው። ሦስተኛው ኒዮን በማግስቱ መሞቱ አይገርምም። የሚገርመው የአራተኛው መትረፍ ነው፤ ያ ዓሣ ጠንካራ ነው፣ አክብሩት።

እኔም ከዚህ አላመለጥሁም። በጀመርሁ ዓመት፣ ቤት እንግዳ ይመጣል ብዬ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ሥር ነጭ እስኪሆን ድረስ ጨምቄ አጠብሁት። እንግዳው የመጣው በሳምንቱ ነበር፤ ከ12 ኒዮን ያየው 5ቱን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስፖንጅ የማጥበው ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ፣ በባልዲ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አደርገዋለሁ፣ ውሃ በደንብ ማሳለፍ ከጀመረ ይበቃል። ቡናማነቱ አይልቀቅ፤ ቆሻሻ የሚመስለው ያ ዝቃጭ የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው።

ስለ ሌሊቱ መገርጣት ግን ይረጋጉ። ኒዮን ሁሉ ሌሊት ይገረጣል። ያ ሰማያዊ መስመር የተቀባ ቀለም አይደለም፤ በቆዳው ሴሎች ውስጥ የተደረደሩ፣ ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ስስ ክሪስታሎች ብርሃን ሲያንጸባርቁ የሚታይ ነው። አቀማመጣቸው ሲለወጥ መስመሩም ይለወጣል፤ በጨለማ ወደ ሐምራዊ ሄዶ ይደበዝዛል፣ ቀዩም ይከስማል። ጠዋት መብራቱን አብርታችሁ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ቀስ እያለ ሲመለስ ታያላችሁ። ሊያሳስብዎት የሚገባው መብራት ከበራ ከብዙ ሰዓት በኋላም ያልተመለሰ መገርጣት ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርዎት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ውሃው እንከን የሌለው ቢሆን ኖሮ እንኳ 4 ኒዮንና 2 ዜብራ በደህና አይኖሩም ነበር። እርስዎ 6 ዓሣ የገዙ መስሎዎታል። የገዙት ሁለት የተበጠሱ መንጋዎች ነው።

ኒዮን ሙሉ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የትውልድ ቦታው ምዕራብ አማዞን ነው፤ በኮሎምቢያ፣ በፔሩና በብራዚል ደን መካከል የሚያልፉ ትናንሽ ጅረቶች። ከላይ የዛፍ ጥላ፣ ከታች የወደቀ ቅጠል፣ በብዙ ቦታም ቅጠል ሲዘፈዘፍበት የኖረ፣ ሻይ የመሰለ ውሃ። እዚያ ኒዮንን የማይበላ የለም። መርዝ የለውም፣ እሾህ የለውም፣ አፉም ማንንም አያስፈራም። ያለው መከላከያ አንድ ብቻ ነው፤ ብዙ መሆን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ልጠቅስ ብዬ ተውሁት፤ ኒዮኖች ቢያብሩ ማንንም አያስሩም። ቢያብሩ ይሰወራሉ። አሳዳጁ ዓሣ ከ50 ተመሳሳይ መካከል አንዱን መርጦ ዓይኑን መትከል ያቅተዋል፤ ይህን ያዝሁ ሲል ሌላው ያልፍበታል፣ ያንን ሲል ይኸኛው ይታጠፋል። ነጠላውን ግን አይስተውም።

ስለዚህ ብቻውን የቀረው ኒዮንዎ «ናፍቆት ያዘው» ብለን የምናልፈው አይደለም። ሰውነቱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ተጋልጫለሁ። ይደበቃል፣ ምግብ ቢመጣም አይወጣም፣ ድንጋጤው ሲቆይበት በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል። ከፊልተሩ ጀርባ መሆኑ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ እንደ እሱ ላለ ፍጡር መደበቅ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። (አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይዩልኝ፦ ፊልተሩ ውሃ የሚስብበት አፍ ጎትቶ ያጣበቀው እንዳይሆን። በራሱ ፈቃድ የተደበቀ ዓሣ ጣት ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ቦታ ይቀይራል።)

መንጋ እንዴት እንደሚግባባም ልንገርዎት፤ ልጅዎ ትወደዋለች። ዓሦች ከዓይናቸው ሌላ በጎናቸው ርዝመት የተዘረጋ፣ የውሃን ንቅናቄ የሚያዳምጥ መስመር አላቸው። ጎረቤታቸው ጅራቱን ሲመታ የሚገፋው ውሃ እዚያ ላይ ይሰማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣ አንድ ጥናት ዓይናቸው ለጊዜው የተሸፈነ የባሕር ዓሦች እንኳ ከመንጋው ሳይነጠሉ መዋኘት ችለዋል። ልጅዎ ዓይኗን ጨፍና ከጓደኞቿ ጋር እጅ ሳትያያዝ ለመሮጥ ትሞክረውና ትፍረድ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ አለ። ኒዮኖች ጥቅጥቅ ብለው በአንድ አቅጣጫ ሲዋኙ አይተን «እንዴት ደስ ይላል» እንላለን። እነሱ ግን ደስ ያላቸው ያን ጊዜ አይደለም። እንደዚያ የሚጠጋጉት ሲፈሩ ነው፤ አዲስ ቦታ ሲገቡ፣ ጥላ ሲያልፍባቸው፣ በር ሲላተም። የተረጋጋ መንጋ ዘርዘር ይላል፤ አንዱ ቅጠል ይለቅማል፣ አንዱ ዝም ብሎ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል፣ ሁለት ወንዶች ጥግ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ይፎካከራሉ። ግን አንዳቸውም ሌላውን ከማያዩበት አይርቁም። ፎቶ ለማንሳት ብለው ሆነ ብለው የሚያስደነግጧቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አልወድላቸውም።

ዜብራ ዳኒዮ ሌላ ጠባይ ነው። ፈሪ አይደለም፣ ተፎካካሪ ነው። በመንጋው ውስጥ የበላይና የበታች አለ፤ የበላዩ ከሥሩ ያሉትን ይነዳል። 8 ሲሆኑ ያ ንዴት ለ7 ይከፋፈላል፣ ለማንም ብዙ አይደርሰውም፣ ማንም አይጎዳም። 2 ብቻ ሲሆኑ ሙሉው በአንዱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ትንሹ ዜብራዎ የሚከፍለው የ7 ዓሣ ዕዳ ነው። ትልቁን ክፉ ብላችሁ ስም እንዳታወጡለት።

ቁጥሩ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከአንድ ዓይነት 6 የመጨረሻው ዝቅተኛ፣ 10 ደግሞ መንጋ የሚያሰኝ። ከአምስት ዓይነት ሁለት ሁለት ከመግዛት ከአንድ ዓይነት አሥር መግዛት ይሻላል። በተደረደሩት መስታወቶች ፊት ሲቆሙ ይሄንንም ያንንም ያሰኛል፤ እኔም እጄን የምሰበስበው በመከራ ነው።

ታዲያ ዛሬውኑ 6 ኒዮን ልጨምርለት? እንዳያደርጉት! ባክቴሪያ በሌለበት ውሃ ላይ 6 ዓሣ መጨመር 6 ሬሳ መግዛት ነው። የተረፈውን ለጥቂት ሳምንት ብቻውን ማቆየት ያሳዝናል፤ በመርዝ ውስጥ ጓደኛ ማምጣት ግን የባሰ ነው።

ከሚቀጥለው ዓሣ በፊት የሚገዙት ነገር የውሃ መመርመሪያ ይሁን፤ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች የሚለካ። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጠብታ ተጨምሮበት ቀለሙ የሚለወጠው ዓይነት ከወረቀቱ ይሻላል። ከእሱ ጋር የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይያዙ። ውሃን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድሮ ክሎሪኑ እንዲተን ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጨመራል፣ እሱ ደግሞ ቢያድርም አይሄድም። ስለዚህ ለክሎራሚንም ይሠራል ተብሎ የተጻፈበትን ይምረጡ።

ከዚያ በየቀኑ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይለኩ። አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ በሊትር 0.25 ሚሊ ግራም ካለፈ የውሃውን ሩብ ይቀይሩ፤ ለእርስዎ 6 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። የሚገባው ውሃ ጠብታው የተጨመረበትና ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር እኩል የሆነ ይሁን። ሁሉንም በአንዴ መቀየር የሚባለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይርሱት። በእነዚህ ሳምንታት ስፖንጁንም ጠጠሩንም አይንኩ። ምግብ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ትንሽ። ዓሣ በጥቂት ቀን ጾም አይሞትም፤ በተረፈ ምግብ ግን ይሞታል። ፒኤቹንም አይርሱት፤ ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማ የሚሆነው ድርሻ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ሁለት ሰው «አሞኒያዬ እኩል ነው» ብሎ የአንዱ ዓሣ ደህና፣ የሌላው በውሃው ፊት ላይ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ የሚታየው በዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ሲሄዱ ያያሉ፦ መጀመሪያ አሞኒያ ይወጣና ይወርዳል፣ ከዚያ ናይትራይት ይወጣና ይወርዳል፣ ናይትሬት ደግሞ ቀስ እያለ ይታያል። ሁለቱ መርዞች 0 ሆነው፣ ከሳምንት በኋላ ሲለኩም 0 ሆነው ካገኟቸው አኳሪየሙ በስሏል። አቋራጭ ከፈለጉ አንድ ሐቀኛ አቋራጭ አለ፦ ዓሦቹ ለረጅም ጊዜ ጤነኛ የሆኑለት የሚያውቁት ሰው ካለ፣ ከፊልተሩ አንድ ቁራሽ ስፖንጅ ይለምኑት። ሳይደርቅ፣ በራሱ ውሃ ውስጥ እንዳለ አምጥተው ከእርስዎ ፊልተር ውስጥ ያስገቡት። ሳምንታት ያሳጥርልዎታል።

እስከዚያው ለተደበቀው ዓሣ ድፍረት የሚሰጡት ነገሮች አሉ። ከአኳሪየሙ ጀርባ ጥቁር ወረቀት ይለጥፉ። ቅጠል ያለው ዕፅ ያስገቡ፤ አኑቢያስና ጃቫ ሞስ ብዙ ብርሃን አይጠይቁም፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ታስረው ያድጋሉ። በላይ የሚንሳፈፍ ዕፅ ካገኙ ያ የደኑን ጥላ ይተካለታል። ታች ነጭ ጠጠር ካለ በጥቁር ይለውጡት ልል ነበር፤ ግን አሁን ጠጠር አይነካም ብያለሁ፣ ለኋላ ይቆይ። መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ይበቃዋል። መጋረጃ የለሽ በነጭ መብራት የተጥለቀለቀ ባዶ መስታወት ለሰው ንጹሕ ይመስላል፤ ለኒዮን ሜዳ ላይ መቆም ነው።

የሚያስከፋዎትን ነገር ደግሞ ልናገር። 25 ሊትር ለመንጋ አይበቃም። ለዜብራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ዜብራ ከጫፍ ጫፍ የሚወረወር ዓሣ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጅራቱን ከመታ መስታወቱ ላይ ይደርሳል። ለ10 ኒዮን ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም ያስፈልጋል። ርዝመቱን ይዩ እንጂ ቁመቱን አይዩ፤ እንደ ማማ የቆመው ያምራል፣ ግን ዓሣ የሚዋኘው ወደ ጎን ነው፣ ኦክስጅንም የሚገባው ሰፋ ባለው የውሃ ፊት በኩል ነው። ክብ ብርጭቆውንማ አታንሱብኝ። ትልቁን አሁን ማግኘት ከቻሉ አሁን ይሁን፤ ያለውን ፊልተር ከነስፖንጁ፣ ጠጠሩንም ሳይታጠብ አብረው ያዛውሩት። አሞኒያው በሰፊ ውሃ ውስጥ ይቀጥናል፣ ስህተትም ይቅር ይባላል። 60 ሊትር ውሃ ብቻውን 60 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር የሚንገዳገድ ጠረጴዛ አይችለውም። ክዳንም ይኑረው፣ ዜብራ ይዘላል።

ትልቅ የማይቻል ከሆነ ዜብራዎቹን የዜብራ መንጋ ላለው ሰው ይስጡና በትንሿ ውስጥ መንጋ የማይፈልግ ነገር ያኑሩ፤ ቤታ የሚባለውን ዓሣ አንድ ብቻ፣ ወይም ትናንሽ ሽሪምፖች። ይህም ሽንፈት አይደለም። 60 ሊትር ውስጥ ግን ኒዮኑንም ዜብራውንም በ10 በ10 ለመያዝ አይሞክሩ። አንዱን ይምረጡ፤ እኔ ብሆን ኒዮኑን እመርጥና ዜብራዎቹን እሰጥ ነበር፣ የዜብራ ጥድፊያ ኒዮንን ያሳቅቃል። ሙቀቱ 23 ወይም 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ማሞቂያ የማይፈልጉ ከሆነ ከቻይና የመጣው ኋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፤ እሱም መንጋ ነው።

ትልቁን ከገዙ አሮጌዋን 25 ሊትር እንዳይጥሏት፤ ሥራ አላት። አዳዲሶቹ ዓሦች ወደ ትልቁ ከመግባታቸው በፊት 3 ወይም 4 ሳምንት እዚያ ይቆዩ፣ ከትልቁ የበሰለ ስፖንጅ ተወስዶ በሚሠራ ፊልተር። ኒዮንን የሚያጠቃ፣ በስሙም የኒዮን በሽታ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ከጀርባው አንድ ቦታ ቀለሙ ይነጣል፣ ዓሣው ከመንጋው ይለያል፣ ይከሳል፣ ቆይቶ ጀርባው ይጎብጣል። አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። በኋላ እመለስበታለሁ ያልሁት የቀን መገርጣት አንዱ ይኸው ነው፤ ሌላው ግን ተራ ድንጋጤ ስለሆነ ጥቂት ቀን ሳያዩ አይፍረዱ። በሽታው የሞተን ዓሣ ሌሎቹ ሲበሉት ይተላለፋል፣ ስለዚህ ሬሳ አይደር። የስኳር ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ካዩ እሱ ሌላ በሽታ ነው፤ የሚድን ነው፣ ግን ኒዮን መድኃኒት ስለሚከብደው መጠኑን መመሪያውን አይተው በጥንቃቄ ይስጡ።

ከማን ጋር ይኑሩ ለሚለው አጭር ሕግ፦ አፉ ኒዮን የሚያስገባ ዓሣ ኒዮን ይበላል። ኤንጅልፊሽ ትንሽ ሳለ ያምራል፣ አብሮ ያድጋል፣ አንድ ቀን ጠዋት ግን መንጋው ይጎድላል። በተፈጥሮም ትናንሽ ዓሣ የሚበላ ነውና አይፈረድበትም።

አሁን ለልጅዎ ሥራ እንስጣት፤ ጸጸቷን የሚያስለቅቃት ሥራ ነው። ኒዮን አፉ የክብሪት ጭንቅላት አያክልም፤ የሚበላውም መሐል ውሃ ላይ እንጂ ላይ ላዩን እየተሻማ አይደለም። ደረቁን ምግብ ላዩ ላይ ሲበትኑት ዜብራዎቹ ጠራርገው ይጨርሱታል፣ የተደበቀው አይደርሰውም። ስለዚህ ልጅዎ አንድ ቁንጥር በሁለት ጣቷ ደቀቅ አድርጋ በሲኒ ውስጥ ትጨምር፣ ከአኳሪየሙ ውሃ ሁለት ማንኪያ ታክልበት፣ ታማስለውና ከፊልተሩ ውሃ በሚወጣበት በኩል ቀስ ብላ ታፍስሰው። ፍሰቱ ብናኙን ወደ ታች ይወስደዋል፣ ኒዮኑ ካለበት ድረስ። በሁለት ደቂቃ የማያልቅ ከሆነ በዝቷል። የተረፈውን በቀጭን ጎማ መሳብ ደግሞ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ሥራዋ መቁጠር ነው። መንጋ ያለው ሰው እረኛ ነው፣ እረኛ ደግሞ ሁልጊዜ ይቆጥራል። በየጠዋቱ ትቁጠር፣ በደብተር ትጻፍ፤ ከቁጥሩ ጎን ያን ቀን የለካችሁትን አሞኒያና ናይትራይት። አንድ ቢጎድል በዚያው ጠዋት ይታወቃል፣ ውሃው ሳይበላሽ ሬሳው ይወጣል።

ደብተሩ ላይ ሁለቱ 0ዎች በሳምንት ልዩነት ሲደገሙ 9 ኒዮን በአንዴ ግዙ፤ ከእናንተው ጋር 10 ይሆናሉ። ስትመርጡ ሌላ ዓሣ የሞተበት ገንዳ ውስጥ ያለውን አትውሰዱ፣ ሲበላም አይታችሁ ግዙ። ቤት ስትደርሱ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት፣ ከዚያ ከአኳሪየሙ ውሃ ትንሽ ትንሽ ለግማሽ ሰዓት ጨምሩበት፣ ዓሦቹን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ። የከረጢቱን ውሃ ግን ድፉት። የማቆያው ሳምንታት አልቀው ወደ ትልቁ ስታዛውሯቸው ማታ ይሁን፣ መብራቱም ጠፍቶ ይደር።

በማግስቱ ጠዋት መብራቱን ልጅዎ ታብራ። መጀመሪያ ሁሉም ገርጥተው ጥግ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ትንሽ ጠብቁ፤ ሰማያዊው ይመለሳል። ከፊልተሩ ጀርባ የነበረውን ግን አትፈልጉት፤ ከ10ሩ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል።